ጋቢና

ከሲሚንቶ መጋዘኑ ጀርባ፣ ገላን መግቢያው ላይ፣
በሦስት ጫኝና አውራጅ ተገፍታ ገባች፣ እንፋሎቷ ከሩቅ ሲታይ።
ድሪባ ኮፈኗን ከፍቶ ዝም አለ።
የሱ ዝምታ ስንት ብር እንደሚያወጣ ስለማውቅ ጉልበቴ ዛለ።

«ቴስታታዋ ጎብጧል፤ ጓርኒሲዮኗም ተቃጥሏል፤
ውሃና ዘይቱ ተጋብተው፣ ይኸው ማኪያቶ ወልደዋል።
የፊት ሾኮቿም ዘይታቸውን አልቅሰው ጨርሰዋል፤
ሰው ቢሆኑ ከለቅሶው ወጥተው ይሄኔ ሠርግ ሄደዋል።»

ሽኩር፣ ለማጁ ልጅ፣ በካንዴላ ካርቶን ጀርባ ሒሳቡን ይጽፋል፤
ዜሮ ባስቀመጠ ቁጥር የአውራ ጣቱ ግራሶ አንድ ዜሮ ያተርፋል።
ጓርኒሲዮን አሥራ አራት፣ ቴስታታ ማስላጨት ስምንት፣
ራዲያተር ሃያ ሁለት — «ያውም ላንተ፣ በወዳጅነት» —
ሾክ ሠላሳ ስድስት፣
የእጅ ሃያ አምስት።
መቶ አምስት ሺህ ብር።
የግራሶውን ዜሮ ቀንሼ ነው፤ ባልቀንሰው ምን ይውጠኝ ነበር!

ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የቀለም ፋብሪካ መዝገብ እይዛለሁ፤
የባለቤቱን ኪሳራ በቀይ እጽፋለሁ፣ የኔን ግን እውጣለሁ።
ይህችን መኪና ስገዛ ቆጣሪዋ ነበር ያታለለኝ፤
ሁለት መቶ ስልሳ የሚል ቁጥር ጠርዙ ላይ ቆሞ ጠቀሰኝ።
ከተሠራች ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ካወቅኋት ገና ሦስት፤
ወጣትነቷን የሰማሁት ከሳሏ መሀል ነው፣ እንደ ተረት።
የኮዬ ፈጬን ኮብልስቶን ሆዷ እየላሰ ያልፋል፤
ሃያ ላይ የሚያንኳኳው ብረት ሠላሳ ላይ ይለፈልፋል።
ቱሉ ዲምቱ ዳገት ላይ አንድ ቀን ባጃጅ ቀደመኝ —
ሁለት በግና ሦስት ሴት ጭኖ — ልጁ በክላክስ ተሳለመኝ።

የውብዳር ግን አንድም ቀን «ሽጣት» አላለችኝም።
«የሸጠልህ ሰውዬ ቁልፉን ሲሰጥህ እጁ አልተንቀጠቀጠም፤
ያኔ ነው የገባኝ» አለች አንድ ማታ፣ ጋቢና ተቀምጣ።
በሩ ከውስጥ አይከፈትም፤ እኔ ዞሬ ካልከፈትኩላት ላትወጣ።

ሐምዛ ፀጉር አስተካካዩ ብየዳ ፈልጎ ጋራዡ መጣ።
ጎንበስ ብሎ አያት። ቆዳውን ዳሰሰ። ስፌቱን ቆጠረ።
«ሃያ ሁለት ሺህ፤ ጋቢናዋን ብቻ» ብሎ ተናገረ።
ልክ የራዲያተሩ ዋጋ።
ሽኩር አሥራ ስድስት ኪያቤ ይዞ ገባ። አራት ብሎን ናት፤ ሌላ ገድል የለውም።
ከሥሯ የተገኘውን በዘይት ክዳን አድርጎ አመጣልኝ፦
የደረቀ ሎሚ፣ የአንድ ብር ሳንቲም፣ የእሷ ፀጉር ማስያዣ።
ሎሚውን ጣልኩት።
የጎደለውን ከቁጠባ ማኅበሩ ተበደርኩ፤ ሾኩን ግን ተውኩት፣ ያልቅስ።

አሁን ራዲያተሩ አዲስ ነው። የሙቀት ቀስቷ ከመሀል ንቅንቅ አይልም።
የውብዳር ከኋላ ትቀመጣለች፣ እንደ ባለሥልጣን።
በሩን ራሷ ትከፍታለች፤ እኔ ዞሬ አልሄድም።
ሹፌሯ ነኝ። «ግራ» ስትል፣ ግራ።
ከጎኔ ባዶ ወለል አለ፣ የውሃ ጀሪካንና የሽንኩርት ዘንቢል የሚቀመጥበት ስፍራ።

ትናንት ሐምዛ ጋ ገባሁ፣ ፀጉሬ ጆሮዬን ሸፍኖ።
«ና፣ ወንበርህ ላይ ተቀመጥ» አለኝ፣ ፎጣውን አራግፎ።
ሦስት ዓመት ነድቻታለሁ፤
ከዚህ ጎን ግን አንድም ቀን ተቀምጬ አላውቅም።
በክፍቱ በር የሞጆ ተሳቢዎች ይታያሉ፣ አቧራ ለብሰው።
ለካ ከዚህ ሲያዩት
እያንዳንዱ ወደ ራስ ነው የሚመጣው።
ምላጩ ማጅራቴ ላይ ሲያርፍ
ቀኝ እግሬ የሌለ ፍሬን ረገጠ፣
የውብዳር ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ዝም ብላ፣ ስትረግጠው የነበረውን።